ሆድ ሲታመም ከመድኃኒት ቤት ስለሚገዛው መድኃኒት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጅማ ከተማ ውስጥ መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው። ከምሰማቸው ሕመሞች ብዙዎቹ የሆድ ናቸው፤ በአማርኛም በኦሮምኛም ይመጣሉ። «ጨጓራዬ ተነሳብኝ»፣ «ሆዴ ተነፋ»፣ «ከሌሊት ጀምሮ እያስቀመጠኝ ነው»። እንዲህ ብለው ከነገሩኝ ግማሹ ሥራ አለቀ። አብዛኛው ሰው ግን ሕመሙን ትቶ የመድኃኒት ስም ይዞ ይመጣል። «አስር ፍሬ ኦሜፕራዞል»፣ «አራት ሲፕሮ»። ስሙን የሰማው ከጎረቤት ነው፤ ወይም አምና ለሌላ ሕመም ከታዘዘለት ወረቀት ላይ ያስታወሰው ነው። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች በሙሉ ማለት ይቻላል የሚጀምሩት ስሙ ከሕመሙ ቀድሞ ሲመጣ ነው።

«ያለ ማዘዣ የሚሸጥ መድኃኒት አይጎዳም»

ያለ ማዘዣ እንዲሸጥ የተፈቀደ መድኃኒት አደጋው ዝቅተኛ የሚሆነው ለትክክለኛው ሕመም፣ በትክክለኛው መጠን፣ ለአጭር ጊዜ ሲወሰድ ነው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ነገሩ ይለወጣል። ሌላ የምትወስዱት መድኃኒት ካለም እንደዚሁ።

እዚህ ላይ አንድ የማይረሳኝ ንግግር አለ። አንድ አባት ጨጓራቸው እያቃጠላቸው መጡ። «አባቴ፣ ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» አልኳቸው። «ምንም የለም» አሉኝ። «ወገብ፣ ጉልበት አያምዎትም?» ስላቸው፣ «እሱማ ያመኛል፤ ዲክሎ እውጥለታለሁ» አሉ። ለእሳቸው ዲክሎፌናክ ከመድኃኒት አይቆጠርም። ግን ጨጓራቸውን ያስነሳባቸው ራሱ ሊሆን ይችላል። ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና አስፕሪን የጨጓራን ግድግዳ ከአሲድ የሚጠብቀውን ልባስ ያሳሳሉ፤ አልፎ ተርፎም ያቆስላሉ፣ ያደማሉ። መርፌውም አያመልጥም፤ መድኃኒቱ የሚሠራው በደም በኩል ስለሆነ በጡንቻ ተወጋችሁት ማለት ጨጓራችሁ ተረፈ ማለት አይደለም። ጨጓራ ላለበት ሰው ለተራ ሕመም ፓራሲታሞል ይሻላል። ለልብ ተብሎ አስፕሪን በሐኪም የታዘዘለት ሰው ግን በራሱ ፈቃድ እንዳያቆም፤ ሐኪሙን ያማክር።

«ኦሜፕራዞል ሲያቃጥል የሚዋጥ ማስታገሻ ነው»

ይህ ስህተት በጣም ተስፋፍቷል፤ ረዘም አድርጌ የማወራውም ለዚህ ነው። ሰው ምሳ በልቶ፣ ማቃጠል ሲጀምረው አንድ ፍሬ ይውጣል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ለውጥ ሲያጣ ሌላ ይደግማል። ከዚያ «የዚህ ዘመን ኦሜፕራዞል አይሠራም» ይላል።

ኦሜፕራዞል የተረጨውን አሲድ አያጠፋም። አሲድ የሚረጩትን የጨጓራ ሕዋሳት ነው የሚዘጋው። እነሱ ደግሞ ሥራ የሚጀምሩት ምግብ ሲገባ ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ ቀድሞ ደም ውስጥ መድረስ አለበት፤ ከቁርስ ግማሽ ሰዓት ያህል በፊት በውሃ ይዋጣል ማለት ነው። ሙሉ ኃይሉን ለማሳየትም ከ1 እስከ 4 ቀን ይፈጅበታል። እንክብሉ አይታኘክም፣ አይፈጭም፤ ውስጡ ያሉት ጥቃቅን ፍሬዎች የተሸፈኑት የጨጓራ አሲድ እንዳያበላሻቸው ነው።

በረመዳን ብዙ ሰው ይቸገራል። መላው ቀላል ነው። ከሱሑር ግማሽ ሰዓት በፊት መዋጥ ይቻላል፤ ወይም በውሃ ሲያፈጥሩ ውጦ፣ መግሪብ ሰግዶ፣ ከዚያ ዋናውን ምግብ መብላት። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆዩም ከመጀመሪያው ምግባቸው በፊት ይውሰዱት።

በራስ ውሳኔ ከ14 ቀን በላይ መውሰድ ግን አይገባም። በሐኪም ትእዛዝ ለረጅም ጊዜ የሚወስዱ ሰዎች አሉ፤ እሱ ሌላ ነው። ያለ ክትትል ለወራትና ለዓመታት ሲወሰድ የቫይታሚን ቢ12 እና የማግኒዥየም እጥረት ሊያመጣ ይችላል። ረጅም ጊዜ ወስዶ ድንገት ያቆመ ሰው ደግሞ አሲዱ ለተወሰኑ ሳምንታት ከበፊቱ ብሶ ሊመጣበት ይችላል። ሰውየው «ሕመሙ ተመለሰ» ብሎ እንደገና ይጀምራል። እንዲህ እያለ ዓመታት ያልፋሉ።

ለዛሬው ማቃጠል የሚሆነው አንታሲድ ነው፤ የሚታኘከው ክኒን ወይም ነጩ ሽሮፕ። በደቂቃዎች ውስጥ ያበርዳል፣ ግን አይቆይም። ክኒኑን እስኪልም አኝኩት እንጂ እንዳለ አትዋጡት። ሽሮፑን ከመጠጣት በፊት ጠርሙሱን በደንብ ነቅንቁ፤ በማንኪያ ለኩ እንጂ ከጠርሙሱ አትጎንጩ። ማግኒዥየም የበዛበት ያስቀምጣል፣ አሉሚኒየም የበዛበት ያደርቃል። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ሳይጠይቅ አይውሰደው። አንታሲድ ሌሎች መድኃኒቶችንም ይይዛል፤ የብረት ክኒንና ዶክሲሳይክሊን የሚባለው አንቲባዮቲክ ከእሱ ጋር በአንድ ላይ አይዋጡም። ሲፕሮ (ሲፕሮፍሎክሳሲን የሚባለው አንቲባዮቲክ) ከሆነ ወይ ከአንታሲዱ 2 ሰዓት ቀድሞ ወይ ከ6 ሰዓት በኋላ ነው።

«ወተት ጨጓራን ያድናል»

ሲጠጡት ያበርዳል፤ ውሸት አይደለም። ግን በውስጡ ያለው ፕሮቲንና ካልሲየም ጨጓራው ተጨማሪ አሲድ እንዲረጭ ያደርጋሉ። ሌሊት ወተት ጠጥቶ የተኛ ሰው ጎህ ሳይቀድ የሚያቃጥለው ለዚህ ነው።

«ጨጓራ የሚያመጣው ቡና ነው»

የቡና አገር ላይ ተቀምጦ ይህን ማንሳት ግድ ነው። የጨጓራ ቁስለት ዋና ምክንያቶች ሁለት ናቸው። አንዱ ኤች ፓይሎሪ የሚባለው ባክቴሪያ ነው፤ ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን የሚባሉ አውስትራሊያውያን በ1982 እ.ኤ.አ. ለይተው አውጥተውት፣ በ2005 የኖቤል ሽልማት አግኝተውበታል። ሁለተኛው ከላይ ያነሳኋቸው የሕመም ማስታገሻዎች ናቸው። ቡና ቁስለት አይፈጥርም። ግን አሲድ ይጨምራል፣ አንዳንዱን ሰው ቃር ያስነሳበታል፣ በተለይ በባዶ ሆድ። ከበረካ በኋላ የሚያቃጥላችሁ ከሆነ አቦል ላይ አቁሙ፤ ከቡናው በፊትም ቁርስ ቅመሱ። መድኃኒትን ግን በቡና አታወራርዱ፤ ውሃ አለ።

ጫትን በተመለከተ የምለው ጠንከር ይላል። ከሰዓቱን ሙሉ ያለ ምግብ ያቆያል፣ ሆድ ያደርቃል፣ እንደ አምፒሲሊን ያለ መድኃኒት ወደ ደም የመግባት አቅሙንም ይቀንሳል። መድኃኒት ላይ ያለ ሰው ቢያንስ ለዚያ ጊዜ ቢተወው እመክራለሁ።

«ኤች ፓይሎሪ አለብኝ፤ የባለፈውን መድኃኒት ድገምልኝ»

ሕክምናው በአንድ ላይ የሚወሰዱ በርካታ መድኃኒቶች ያሉት፣ በአብዛኛው ከ10 እስከ 14 ቀን የሚቆይ ነው። አንድ ጊዜ የወሰደ ሰው መዳኑን በምርመራ ያረጋግጥ እንጂ ዝም ብሎ አይድገም። በደም የሚሠራው የፀረ እንግዳ አካል ምርመራ ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላም ለረጅም ጊዜ «አለ» ሊል ይችላል። የሰገራው ምርመራ ይሻላል፤ ነገር ግን ኦሜፕራዞል እየወሰዱ ከተመረመሩ ባክቴሪያው እያለ «የለም» ሊል ይችላል። ከምርመራው በፊት ኦሜፕራዞል 2 ሳምንት፣ አንቲባዮቲክ 4 ሳምንት መቆም አለበት። ይህን ለላቦራቶሪው ሳይናገሩ ነጻ ነኝ ብለው የተመለሱ ሰዎች ያሳዝኑኛል።

«ለተቅማጥ ሁለት ሲፕሮ፣ ሁለት ሜትሮኒዳዞል»

አብዛኛው ድንገተኛ ተቅማጥ በጥቂት ቀናት በራሱ ይቆማል። ብዙ ጊዜ መንስኤው ቫይረስ ነው፤ አንቲባዮቲክ ቫይረስ አይነካም። ሲፕሮፍሎክሳሲንም ሜትሮኒዳዞልም በማዘዣ ብቻ የሚሰጡ ናቸው። ሁለት ፍሬ ወስዶ ማቆም ደግሞ ከሁሉ ይከፋል፤ የተረፉት ባክቴሪያዎች መድኃኒቱን ይለምዱታል። አሜባ ወይም ጃርዲያ ከጠረጠራችሁ የሰገራ ምርመራ አድርጉ። ሜትሮኒዳዞል በሐኪም ከታዘዘላችሁም ጠጅ፣ አረቄ፣ ቢራ እስከምትጨርሱና ከጨረሳችሁ በኋላ ለ3 ቀን ይቅር። ከጫት በኋላ ጨብሲ መጠጣት የለመደ ሰው ይህን ልብ ይበል፤ መጠጡና መድኃኒቱ ሲገናኙ ፊትን የሚያቀላ፣ የሚያስመልስ፣ ልብን የሚያስመታ ሕመም ሊያመጣ ይችላል።

«ዋናው ተቅማጡን ማቆም ነው»

ዋናው የወጣውን ውሃና ጨው መተካት ነው። ተቅማጥ የሚገድለው ሰውነትን በማድረቅ ነው። ለዚህ የተሠራው ኦአርኤስ ነው፤ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር የምንለው። ርካሽ ስለሆነ ሰው ይንቀዋል። እኔ ግን ከመደርደሪያው ሁሉ እሱን ነው ቀድሜ የማነሳው።

አበጣበጡ ላይ ግን ብዙ ሰው ይሳሳታል። በብዛት የሚገኘው ፓኬት ለ1 ሊትር ውሃ ነው፤ ላዩ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። አንዳንድ እናት ዱቄቱን በጥቂቱ እየቆነጠረች በብርጭቆ ትበጠብጣለች። ጨው ይበዛና ልጁን ይጎዳዋል፣ ወይም ይቀጥንና አይጠቅምም። የ1 ሊትር ሃይላንድ አጥባችሁ፣ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ሞልታችሁ፣ ፓኬቱን በሙሉ ጨምሩበት። ስኳርም ሆነ ለስላሳ አትጨምሩ። በ24 ሰዓት ውስጥ ያላለቀውን ድፉትና ሌላ በጥብጡ።

ከ2 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ባስቀመጠው ቁጥር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ከዚያ በላይ ለሆነ ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር ስጡት። ካስመለሰው 10 ደቂቃ ጠብቃችሁ በማንኪያ ቀስ እያላችሁ ቀጥሉ። ጡት የሚጠባ ከሆነ አታቋርጡበት። ለልጆች ዚንክም አብሮ ይሰጣል፤ ከ6 ወር በታች 10 ሚሊ ግራም፣ ከዚያ በላይ 20 ሚሊ ግራም፣ በቀን አንድ ጊዜ፣ ከ10 እስከ 14 ቀን። ተቅማጡ ቢቆምም ዚንኩ ይጨረስ።

ሎፐራማይድ የሚባለው ማቆሚያ ለአዋቂ፣ መንገድ ላለበት ሰው፣ ለአጭር ጊዜ ይጠቅማል። ያለ ሐኪም በቀን ከ8 ሚሊ ግራም፣ ማለትም ከአራት ፍሬ አይለፍ። ደም ወይም ትኩሳት ካለ ጨርሶ አይወሰድም፤ መውጣት ያለበትን አንጀት ውስጥ ይዘጋል። ለሕፃን አይሰጥም።

«ስፕራይት ወይም አምቦ ውሃ ሆድ ያስተካክላል»

ግሳት ያወጣል፤ ቀለል ያለን ይመስለናል። የለስላሳ ስኳር ግን ተቅማጥን ያብሳል፤ ጋዙ ደግሞ የተነፋውን ሆድ ይበልጥ ይነፋዋል።

«የባህል መድኃኒት ስለሆነ ከሌላው ጋር ችግር የለውም»

ዝንጅብል ሻይ ለማቅለሽለሽ ይረዳል፤ እኔም እጠጣለሁ። ተልባ በበቂ ውሃ ከተወሰደ ለድርቀት ጥሩ ነው። መድኃኒት ከመዋጥ ጋር ግን አይገጣጠም፤ ሁለት ሰዓት ያህል አራርቁት። ፌጦ በሎሚ ለቆሰለ ጨጓራ ያቃጥላል። ኮሶ ሌላ ነገር ነው። መጠኑ በግምት ስለሆነ ሰውን በጣም ጎድቷል፤ ለነፍሰ ጡር ደግሞ ፈጽሞ አይሆንም። የኮሶ ትል በክኒን ይታከማል። ምንም ወሰዳችሁ ምን ንገሩን፤ አንቆጣም።

«ቢበዛ እስከ ነገ ልየው»

የሚጠበቅ ሕመም አለ፣ የማይጠበቅም አለ። ሰገራው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ (የብረት ክኒን የሚወስድ ሰውም ሊጠቁርበት ይችላል)፣ ትውከቱ ደም ወይም የቡና አተላ ከመሰለ፣ ምግብ ሲዋጥ ከተያዘ፣ ሰውነት ያለ ምክንያት ከቀነሰ፣ እምብርት ዙሪያ የጀመረ ሕመም ወደ ቀኝ የታችኛው ሆድ ከወረደ፣ መድኃኒት ቤት አትምጡ። ጤና ጣቢያ ወይም ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ሂዱ። የሩዝ ውሃ የመሰለ ብዙ ተቅማጥም እንደዚሁ፤ አተት በሰዓታት ውስጥ ሰው ይጥላል፣ ኦአርኤሱን በመንገድ ላይ እየጠጡ ነው የሚኬደው። ዓይኑ የጎደጎደ፣ መጠጣት ያቃተው ወይም የደነዘዘ ልጅም አይጠበቅም።

በመጨረሻ፣ ዕድሜያቸው ገፋ ያሉ፣ ስኳር ወይም ግፊት ያለባቸው ሰዎች «ጨጓራዬ ነው» የሚሉት ማቃጠል አንዳንዴ የልብ ሕመም ነው። ደረት ላይ የሚጫን፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ፣ ላብ የሚያመጣ ከሆነ ሽሮፕ ጠጥቶ መጠበቅ የለም። በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው።