ኢንተርስቲሻል ሲስታይቲስ ምንድን ነው?

የሽንት ፊኛ ሲሞላ የሚብስ፣ ሲሸና ለጥቂት ጊዜ ጋብ የሚል ሕመም ከ6 ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ካልቸር (ከሽንቱ ባክቴሪያ ይበቅል እንደሆነ የሚያሳይ ምርመራ) ሲሠራ ባክቴሪያ ካልተገኘና ሌላ ምክንያት ከታጣ ኢንተርስቲሻል ሲስታይቲስ ወይም የፊኛ ሕመም ሲንድረም ይባላል። ታማሚው ቀንም ሌሊትም ሽንት ቤት ይመላለሳል፤ የሚወጣው ሽንት ግን ጥቂት ነው። ምልክቱ ኢንፌክሽን ስለሚመስል ለብዙዎች አንቲባዮቲክ በላይ በላዩ ይታዘዛል። ባክቴሪያ ከሌለ መድኃኒቱ የሚገድለው ነገር የለም። ናሙናው አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት፣ የመጀመሪያው ሽንት ከፈሰሰ በኋላ ከመሐሉ ይወሰድ፤ መድኃኒት ተውጦ የተሠራ ካልቸር ባክቴሪያ እያለም ንጹሕ ሊመስል ይችላል።

መንስኤው አንድ ብቻ አይደለም። አብዝቶ የሚጠረጠረው የፊኛው የውስጥ ልባስ መጎዳት ነው። ይህ ስስ ዝልግልግ ልባስ ሲሳሳ በሽንት ውስጥ ያለው ፖታሲየም ወደ ግድግዳው ሰርጎ ነርቮችን ይቆጠቁጣል፤ ማስት ሴል የሚባሉት ሕዋሳትም ሂስታሚን እየለቀቁ ብግነቱን ያባብሳሉ። ሲቆይ ነርቮቹ ራሳቸው በትንሹ የሚቆጡ ይሆናሉ። ያኔ 400 ሚሊ ሊትር ገደማ ይችል የነበረ ፊኛ በ100ው ይጨነቃል።

በጥቂቶች ላይ ሲስቶስኮፒ (በሽንት ቧንቧ በሚገባ ካሜራ ፊኛን ማየት) የሃነር ቁስል የሚባል ቀይ ቁስል ያሳያል። ይህን ማግኘት ትልቅ ነገር ነው፤ ቁስሉን መተኮስ ወይም ስቴሮይድ መውጋት ብዙዎችን ያሳርፋል።

አንዳንዴ ሕመሙ የሚመነጨው ፊኛን ከታች ደግፎ ከሚይዘው የዳሌ ወለል ጡንቻ ነው። ሐኪሙ ጡንቻውን በጣት ሲጫን ያው የለመዱት ሕመም ከተነሣ ፊዚዮቴራፒ ያስፈልጋል፤ ያውም የሚያፍታታ እንጂ የሚያጠነክር አይደለም። የኬግል እንቅስቃሴ (ይህን ጡንቻ ደጋግሞ ማጥበቅ) የተኮማተረውን ጡንቻ ይብሱን ያኮማትረዋል።

ኬታሚን የተባለውን ማደንዘዣ አዘውትሮ መውሰድ፣ ሳይክሎፎስፋማይድ የተባለው የካንሰር መድኃኒትና በዳሌ ላይ የተሰጠ ጨረርም ፊኛን ያቆስላሉ። ጠጠር፣ ቢልሃርዚያ፣ ኢንዶሜትሪዮሲስ (የማሕፀን የውስጥ ልባስ የሚመስል ሥጋ ከማሕፀን ውጭ ማደግ) እና የፊኛ ካንሰርም ተመሳሳይ ሕመም ያመጣሉ። ሽንት ውስጥ ነጭ የደም ሕዋስ በዝቶ ካልቸሩ ምንም ካላበቀለ ቲቢ ይታሰብ፤ ተራው ካልቸር አያሳየውም። ደም ከታየ፣ በተለይ በሚያጨስ ሰው ላይ፣ ሲስቶስኮፒው አይዘግይ።

ሐኪም ዘንድ ከመቅረብ በፊት ለ3 ቀን የጠጡትን፣ የሸኑበትን ሰዓትና መጠኑን በሚሊ ሊትር መመዝገብ ምርመራውን ያቀናል። ቡና፣ አልኮል፣ ሎሚ፣ ቲማቲምና የሚያቃጥል ቅመም ለ2 ሳምንት ያህል ትተው አንድ በአንድ ሲመልሱ የሚቆሰቁሰው ይለያል። መመላለስን ፈርቶ ውኃ መቀነስ ግን ሽንቱን አወፍሮ ማቃጠሉን ይጨምራል።