ሣጥኑ መቅደላ ላይ የለም

በወሎዋ የደላንታ ከተማ ወገልጤና ቡና ላይ ተቀምጦ ስለ ተቀበረ ወርቅ ያላወራ የደላንታ ሰው ብርቅ ነው። አንዱ ከአያቱ የሰማውን «ከዋርካው ወደ ምሥራቅ ሰባት እርምጃ» ያመጣል፤ ሌላው አሜሪካዊው ፎረስት ፌን ደብቆ ሕዝብ ይፈልገው ያለውን ሣጥን ወሬ ከስልኩ ያነብልናል። እኔም በጎረምሳነቴ አንድ ሌሊት አካፋ ይዤ ወጥቻለሁ። ያተረፍኩት ባዶ ገንቦና ጉንፋን ነበር። ከዚያ ወዲህ ደጋግሜ ለምሰማቸው ወሬዎች እንዲህ እመልሳለሁ።

«የቴዎድሮስ ሀብት መቅደላ ተቀብሮ ቀርቷል»

ከሁሉም የሚያናድደኝ ይሄ ነው፤ ምክንያቱም ሀብቱ የት እንደደረሰ ይታወቃል። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ የእንግሊዝ ጦር አምባውን ዘረፈ። ዘረፋው በ15 ዝሆንና በ200 ገደማ በቅሎ ተጭኖ የበሽሎን ወንዝ ተሻገረ፤ እዚሁ ደላንታ ሜዳ ላይም ለሁለት ቀን በሐራጅ ተሸጠ። ገንዘቡን ወታደሩ ተካፈለው። ከገዢዎቹ አንዱ ከብሪቲሽ ሙዚየም የተላከ ሰው ነበር። ዛሬ 350 ገደማ የመቅደላ ብራናዎች በብሪቲሽ ላይብረሪ፣ የወርቅ ዘውዱና ጽዋው በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም፣ ታቦታቱ በብሪቲሽ ሙዚየም ዝግ ክፍል ናቸው። አምባው ላይ የቀረው ሴባስቶፖል ነው፤ 7 ቶን ገደማ የሚመዝን መድፍ ማን ይሸከማል? መቅደላን የሚቆፍር ሰው የተሳሳተው ክፍለ ዓለም ነው።

«ግጥሙን እንደ ቅኔ የፈታ ሣጥኑን ያገኛል»

የቅኔው አገር ዋድላ ጎረቤታችን ስለሆነ ይመስለኛል፣ እኛ አገር ፍንጭ ሲባል ሁሉም ሰምና ወርቅ ይፈልጋል። ፌን የሥነ ጥበብ ዕቃ ነጋዴ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 ገደማ የወርቅ ሳንቲምና ጌጣጌጥ የሞላ የነሐስ ሣጥን በሮኪ ተራሮች ደብቆ፣ ዘጠኝ ፍንጭ ያለው የ24 መስመር ግጥም ለሕዝብ ሰጠ። ፈላጊው በሺዎች ሆነ። ከፍንጮቹ አንዱ ሞቅ ያለ ውሃ ስለሚያበቃበት ቦታ ነው፤ ታዲያ አንዱ ፍልውሃ አለ፣ ሌላው ግድብ፣ ሌላው የወንዞች መገናኛ። ሁሉም በየፊናው «ገጠመልኝ» ይል ነበር።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ቅኔ ቤት ተማሪው ኅብር ቃል (ሁለት ትርጉም ያለው ቃል) ሲያገኝ ወርቁ ከቅኔው ስንኝ ሁሉ ጋር ካልተስማማ መምህሩ አያሳልፈውም። የሣጥን ፈላጊ ግን መምህር የለውም። አስቀድሞ ተራራውን ይመርጥና ግጥሙን እየጎተተ ያለብሰዋል፤ ቃል ደግሞ ለጎተተው ሁሉ ይሳባል። የእኛም «ከዋርካው ሰባት እርምጃ» ከዚህ አይለይም። የትኛው ዋርካ? የማን እርምጃ? ሣጥኑን እ.ኤ.አ. በ2020 ዋዮሚንግ ውስጥ ያገኘው የሕክምና ተማሪ ከሌሎች የተለየው በቃል መፍቻ ብልሃት አልነበረም፤ ሽማግሌው ፌን ምን ዓይነት ሰው እንደሆነና የትኛውን ቦታ ሊወድ እንደሚችል በማጥናት ነው ይላል። ያም ሆኖ ቦታው ላይ ብዙ ቀን ፈጅቶበታል።

«ውድ ነገር የሚደበቀው ሰው የማይደርስበት ገደል ነው»

ፌን ሣጥኑን ሲደብቅ ዕድሜው ወደ 80 ነበር። ከመኪናው ተነሥቶ በአንድ ከሰዓት በኋላ፣ በሁለት ምልልስ አደረስኩት ብሏል። እንዲህም እያለ ቢያንስ አምስት ሰዎች ሲፈልጉ ሞቱ፤ በወንዝና በተራራ። ሽማግሌ ሸክም ይዞ የማይወጣውን ቦታ መፈለግ ምን ይሉታል?

በእኛ በኩል የገደሉ ነገር የከበረ ድንጋይ ከሆነው ከኦፓል ጋር ሳይደባለቅ አልቀረም። የደላንታ ኦፓል በ2000 ዓ.ም. ገደማ ተገኘ፤ እሱ በእርግጥም ገደል ወገብ ላይ ባለ ስስ ንብርብር ውስጥ ነው፣ ልጆቻችንም ዋሻ እየቆፈሩ ይገቡለታል፣ አንዳንዴም ይደረመስባቸዋል። ግን ኦፓልን እዚያ ያስቀመጠው እሳተ ገሞራ ነው እንጂ ዕቃውን ተመልሶ ሊወስድ ያሰበ ሰው አይደለም።

«ጂን ይጠብቀዋል፣ ጥቁር ፍየል ይታረድለት»

ፍየሉን ማን እንደሚበላው ልብ በሉ።

«ጠገራው ላይ 1780 ተጽፏል፣ ሚሊዮን ያወጣል»

ማሰሮ ሙሉ ጠገራ ብር ተቀብሮ መገኘቱ ውሸት አይደለም፤ ባንክ ባልነበረበት ዘመን መሬት ነበር ባንኩ። ዓመተ ምሕረቱ ግን አታላይ ነው። ምስሏ ጠገራው ላይ ያለው የኦስትሪያ ገዢ ማሪያ ቴሬዛ የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 ነው፤ ከዚያ በኋላ ቪየና፣ ሮም፣ ለንደን፣ ቦምቤይ የተመታው ጠገራ ሁሉ ያንኑ ቁጥር ይዞ ወጣ። ቪየና እስከ ዛሬ ትመታዋለች። ክብደቱ 28 ግራም ያህል፣ ከዚያም 83 በመቶው ንጹሕ ብር ነው። ዋጋውም በአብዛኛው የዚያው የብሩ ነው። «ልዩ ነው፣ ገዢ ላገናኝህ፣ ቀብድ ላክ» የሚል ሲደውል ስልኩን ዝጉት።

«ያገኘ ይወስዳል»

አይወስድም። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ጽሑፍ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋ መቆፈር ክልክል ነው። መሠረት ሲቆፍር ወይም ሲያርስ በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ሳይነካካ ጠብቆ ማመልከት አለበት፤ ላስረከበውም ተገቢው ሽልማት እንደሚሰጠው ያው አዋጅ ይላል። «ሳይነካካ» የምትለዋን የጻፈ ሰው ሥራውን ያውቃል፤ ዕቃው በምን አፈር ውስጥ፣ ከምን ጋር እንደተቀመጠ ነው ዘመኑን የሚናገረው። ያን ሌሊት ያገኘሁትን ገንቦ እኔ «ወርቅ የለበትም» ብዬ በአካፋዬ ሰብሬ፣ ገሉን ወደ ገደል ወረወርኩት።