ካርቶኑ 9,000 ሉመን ይላል፣ አዳራሹ ግን ሌላ

የአክስቴ ልጅ ግማሽ ዳቦ የምታክል ፕሮጀክተር ገዛ። ቀን ለገበሬ ሥልጠና፣ ማታ ለኳስ ብሎ ነው። በሳምንቱ ሁለት ቅሬታ ይዞ ደብረ ብርሃን እኔ ቤት መጣ። ስናወራ ብዙው ጣጣ ከማሽኗ ሳይሆን ስለ እሷ ከሚወራው የመጣ ሆኖ አገኘሁት።

«9,000 ሉመን ካለ ቀን ከሌት ያሳያል»

አያሳይም። ሉመን የብርሃን መጠን መለኪያ ነው፤ ካርቶን ላይ የሚጻፈው ግን ብዙ ጊዜ ሻጩ የወደደው ቁጥር ነው። መጠየቅ ያለበት «አንሲ ሉመን» ነው፤ በታወቀ ደንብ የተለካ ማለት ነው። ነጭ ምስል ይጣልና ዘጠኝ ቦታ ላይ ብርሃኑ ይለካል፤ ከዚያ አማካዩ በምስሉ ስፋት ይባዛል። በእጅ ከሚያዙት ብዙዎቹ ከ100 እስከ 500 አንሲ ሉመን ቢኖራቸው ነው። ለጨለመ ሳሎን በቂ ነው። የአክስቴ ልጅ ግን የከፈታት መንዝ ውስጥ፣ በጠራራ ስድስት ሰዓት፣ ቆርቆሮው በተበሳሳ አዳራሽ ነው። ሰው ያየው ባዶ ግድግዳ ነው። አንድ አዛውንት «ልጄ፣ ዝም ብለህ በአፍህ ንገረን» አሉት።

እሱ ደግሞ ይታይ ብሎ ማሽኗን ወደ ኋላ ሳባት። ባሰ! ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ምስሉ በወርድም በቁመትም እጥፍ ይሆናል። ያው ብርሃን አራት እጥፍ ቦታ ይሸፍናል ማለት ነው። ቀን ከሆነ ምስሉን አሳንሱ፣ ስላይዱ ላይ ያለውን ጽሑፍ አግዝፉ፣ መስኮቱን በባና ጋርዱ። የመንዝ ባና ብርሃን አያሳልፍም።

«ፎር ኬ ትደግፋለች»

ፎር ኬ የሚባለውን እጅግ የጠራ ምስል ፋይል ትከፍታለች ማለት እንጂ በዚያ ጥራት ታሳያለች ማለት አይደለም። የራሷ ምስል 854 በ480 ነጥብ ብቻ ሊሆን ይችላል። ለኳስ ብዙም አይከፋም፤ ቁጥር የታጨቀበት ሰንጠረዥ ግን አይነበብም። «ኔቲቭ» ማለትም የራሷ ጥራት ስንት ነው ብላችሁ ጠይቁ።

«ደብረ ብርሃን ብርድ ነው፣ ማሽን አይግልም»

ይቺን እኔም አምናት ነበር። ከተማችን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብላለች። አየሩ ቢቀዘቅዝም ስስ ነው፤ ከባሕር ዳርቻ አየር ሩብ ያህል ይሳሳል። ፋኑ የሚገፋው አየር ሲሳሳ የሚወስደው ሙቀትም ያንሳል። ብዙ የፕሮጀክተር መመሪያ ከ1,500 ሜትር በላይ ሲሆን ፋኑን የሚያፈጥነውን የከፍታ ማስተካከያ አብሩ የሚለው ለዚህ ነው። ሸዋ ሮቢት ያለ ሰው ይህ አይመለከተውም፤ የእሱ ጠላት የቆላው ሙቀት ነው። ትንንሾቹ ላይ ማስተካከያው ብዙ ጊዜ የለም። ስለዚህ ጠረጴዛ ላይ አድርጓት። ፍራሽ ላይ ካስቀመጣችኋት የአየር ቀዳዳዋ ይታፈናል።

ብርዱም የራሱ ጣጣ አለው። በታኅሣሥ ሌሊት መኪና ውስጥ ያደረ ዕቃ ሞቅ ያለ ቤት ሲገባ ሌንሱ ጤዛ ይይዛል። ጤዛው እስኪጠፋ ሳታበሩ ጠብቁ፤ ቡና እስኪፈላ ማለት ነው።

«ባትሪ አላት፣ መብራት ቢጠፋ ምን ቸገረኝ»

ባትሪ ያላቸውም ሁለት ሰዓት አካባቢ ነው የሚቆዩት፤ በባትሪ ሲሠሩ ደግሞ ብዙዎቹ ብርሃናቸውን ይቀንሳሉ። ለ90 ደቂቃ ኳስ ይበቃል። ጭማሪ ሰዓትና ፍጹም ቅጣት ምት ከመጣ ግን በስልክ መከታተል ነው።

«አንሶላ ካለ ስክሪን አለ»

ስስ አንሶላ ብርሃኑን ወደ ጀርባ ያሳልፋል። የማያብረቀርቅ ነጭ ግድግዳ ይሻላል። ዘይት ቀለም ከሆነ ግን መሀሉ ላይ ያንጸባርቃል።

«ፊልሙ ድምፅ ከሌለው ማሽኗ ተበላሽታለች»

ሁለተኛው ቅሬታ ይኸው ነበር። ከፍላሽ የከፈተው ፊልም ምስል አለው፣ ድምፅ የለውም። ለካ የፊልሙ ድምፅ ዶልቢ በሚባል የድምፅ ቅጂ ዓይነት የተቀዳ ነው፤ ብዙ ርካሽ ፕሮጀክተሮች ደግሞ ለዶልቢ የሚያስፈልገው ፈቃድ ስለሌላቸው አያጫውቱትም። ሊመልሳት ካርቶኑን እንኳ አዘጋጅቶ ነበር። ፍላሹን ላፕቶፔ ላይ ሰካን፣ ምስልና ድምፅ አብሮ በሚያስተላልፍ ኤችዲኤምአይ ኬብል አገናኘናት። ድምፁ መጣ። ካርቶኑን ለድመቷ ሰጠናት።