መርከብ «ኢትዮጵያ»፦ አውሮፕላን ከመቀለብ መኮንን እስከ ማፍራት

መርከብ «ኢትዮጵያ» ከጥር 1954 እስከ ግንቦት 1983 ዓ.ም. ድረስ የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ትልቋ መርከብ ነበረች። የጎን ቁጥሯ ኤ-01 ነው። ከዚያ በፊት «ኦርካ» በሚል ስም በአሜሪካ ባሕር ኃይል ውስጥ አገልግላለች። ብዙዎቻችን የምናውቃት በጦር መርከብነቷ ነው፤ መድፍም ነበራት። የተሠራችው ግን ራሷ ለመዋጋት ሳይሆን የሚዋጉትን ለማገልገል ነው። ነዳጅ፣ ጥይት፣ ምግብ፣ መለዋወጫና መኝታ ይዛ የባሕር አውሮፕላኖችን በየደሴቱ እየተከተለች የምትቀልብ መርከብ ነበረች። በእኔ እምነት ቀይ ባሕር ላይ የሠራችው ትልቅ ሥራም የሚመነጨው ከዚሁ ከአገልጋይነቷ ነው።

የተሠራችው በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ ሂውተን በሚባል ቦታ በሚገኘው የሌክ ዋሽንግተን መርከብ ሠሪ ድርጅት ነው። ሥራው በሐምሌ 1942 (እ.ኤ.አ.) ተጀመረ። በዚያው ዓመት በጥቅምት ውኃ ላይ ወረደች። ጥር 23 ቀን 1944 አገልግሎት ጀመረች። ስሟን ያገኘችው አላስካ ውስጥ ካለው ኦርካ የባሕር ወሽመጥ ነው። «ባርኔጋት» የተባለው የመርከብ ዓይነት አባል ናት፤ የዚህ ዓይነት መርከቦች አብዛኞቹ የሚሰየሙት በባሕር ወሽመጦች ስም ነበር። ርዝመቷ 95 ሜትር ገደማ፣ ወርዷ 12 ሜትር ተኩል ነው። በናፍጣ ሞተር ትሠራለች፤ በሰዓት ከ18 ኖት በላይ፣ ማለትም ወደ 34 ኪሎ ሜትር ትጓዛለች። ከውኃ በታች ያለው አካሏ ከአራት ሜትር ብዙም አይበልጥም። ይህ የታሰበበት ነው። ትልልቅ መርከቦች የማይደፍሩት ጥልቀት የሌለው ወሽመጥ ውስጥ ገብታ መልሕቋን መጣል ነበረባት።

ሥራዋ ምን ይመስል ነበር? በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ «ካታሊና» የተባለው አውሮፕላን ውኃ ላይ ያርፋል፣ ከውኃ ላይ ይነሣል። ማኮብኮቢያ አያስፈልገውም። ነዳጅ፣ ቦምብ፣ ጥገናና አብራሪዎቹ የሚያርፉበት ቦታ ግን ያስፈልገዋል። ይህን ሁሉ የምታቀርበው መርከቧ ናት። አውሮፕላኑ ከበረራ ሲመለስ አጠገቧ ካለ ተንሳፋፊ ምሰሶ ጋር ይታሰራል። ጀልባ ይመጣና አብራሪዎቹን ወደ መርከቧ ይወስዳቸዋል። እነሱ ይበላሉ፣ ይተኛሉ። በዚህ መሐል ነዳጁ ይሞላል፣ ቦምቡ ይጫናል። ከባድ ብልሽት ካለው በመርከቧ የኋላ ክፍል ያለው ክሬን አውሮፕላኑን እንዳለ ከውኃ ያወጣዋል። ለአውሮፕላን ብቻ የሚሆን ወደ 300 ሺህ ሊትር ነዳጅ ትይዝ ነበር። ባጭሩ፣ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ የሚተከል አየር ማረፊያ ነበረች።

«ኦርካ» በ1944 ወደ ኒው ጊኒ ደረሰች። ከዚያ ጦሩን ተከትላ ወደ ፊሊፒንስ ሄደች። ትልቁ የጦርነት ታሪኳ የተፈጸመው ታኅሣሥ 3 ቀን 1944 ነው። ሌሊት ላይ «ኩፐር» የተባለች የአሜሪካ አጥፊ መርከብ በኦርሞክ ወሽመጥ በጃፓን ቶርፔዶ ተመታ ሰጠመች። 191 ሰዎች ሞቱ። የተረፉት ጠላት በያዘው ዳርቻ አጠገብ ውኃ ላይ ተንሳፍፈው ቀሩ። ከነጋ በኋላ ካታሊናዎች መጥተው አጠገባቸው አረፉ። ከ«ኦርካ» የሚቀለብ አንድ ካታሊና ብቻውን 56 ሰዎች ጫነ። ሠራተኞቹ ጥቂት ለሆኑ አውሮፕላን ይህ የማይታመን ሸክም ነው። ያን ሁሉ ሰው ይዞ ከውኃ ለመነሣት ረጅም ርቀት መንሸራተት ነበረበት። ተነሣ። ሰዎቹም ዳኑ።

ከወር በኋላ፣ ጥር 5 ቀን 1945፣ ወደ ሊንጋየን ባሕረ ሰላጤ ስትጓዝ አንድ የጃፓን አጥፍቶ ጠፊ አውሮፕላን ለጥቂት ሳታት፤ ጉዳት ቢደርስባትም ሥራዋን ቀጠለች። ጦርነቱ ሲያበቃ በ1946 በቢኪኒ ደሴቶች የተካሄደውን የአቶሚክ ቦምብ ሙከራ ከደገፉት መርከቦች አንዷ ሆነች። በ1947 ከአገልግሎት ወጣች፣ በ1951 መጨረሻ ተመለሰች፣ በ1960 እንደገና ቆመች። የባሕር አውሮፕላን ዘመኑ እያለፈ ነበር።

እዚህ ላይ ኢትዮጵያ ትመጣለች። ኤርትራ በ1952 እ.ኤ.አ. በፌዴሬሽን ስትቀላቀል አገሪቱ ረጅም የባሕር ዳርቻ አገኘች። ባሕር ኃይሉ በ1955 እ.ኤ.አ. ምፅዋ ላይ ተመሠረተ። በማግሥቱ ዓመት አሥመራ ውስጥ የባሕር ኃይል ኮሌጅ ተከፈተ። ትምህርቱ 52 ወር ይፈጅ ነበር፤ ከአራት ዓመት በላይ ማለት ነው። አሰብ ደግሞ ለተራ ባሕርተኞች ሥልጠናና ለጥገና ዋለች። በማደራጀቱና በማሰልጠኑ ትልቁን ድርሻ የያዙት የኖርዌይ መኮንኖች ነበሩ። ኮሌጅ ነበረ፣ ተማሪ ነበረ፣ አስተማሪ ነበረ። ያሉት ጀልባዎች ግን ትንንሽ የጥበቃና የቶርፔዶ ጀልባዎች ነበሩ። አንድ ክፍል ሙሉ ዕጩ መኮንን ጭኖ ባሕር ላይ የሚያሳድር መርከብ አልነበረም።

«ኦርካ» በጥር 1954 ዓ.ም. (1962 እ.ኤ.አ.) ለኢትዮጵያ ተሰጠችና ስሟ «ኢትዮጵያ» ሆነ። አንዳንዶች ያረጀች መርከብ ተወረወረችልን ይላሉ። እኔ አልስማማም። ሒሳቡን እንየው። የራሷ ባሕርተኞች 215 ያህል ነበሩ። አውሮፕላን ትቀልብ በነበረበት ጊዜ ግን ከአብራሪዎቹና ከቴክኒሻኖቹ ጋር እስከ 367 ሰው ታሳድራለች። አውሮፕላኖቹ ሲቀሩ ከ150 የሚበልጥ መኝታ ነፃ ወጣ። የጥገና ክፍሎች አሏት። መድፍ አላት። ለማሰልጠኛ ከዚህ የተሻለ ምን ይገኛል? ኖርዌይም ራሷ ያደረገችው ይህንኑ ነው። የ«ኦርካ» እኅት የሆነችውን «ጋርዲነርስ ቤይ» በ1958 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካ ተረክባ «ሆኮን ሰባተኛ» ብላ ሰየመቻት፤ የዕጩ መኮንኖቿ ማሰልጠኛም አደረገቻት። ኖርዌጂያን ለራሳቸው ልጆች የመረጡት ዓይነት መርከብ ነው ምፅዋ የመጣው።

ከዚያ በኋላ «ኢትዮጵያ» የባሕር ኃይሉ ዋና መርከብም ተንሳፋፊ ትምህርት ቤትም ሆነች። አሥመራ ላይ በጥቁር ሰሌዳ የተማሩትን የመርከብ አቅጣጫ አያያዝ፣ የሞተር ክፍል ሥራና መድፍ ተኩስ እሷ ላይ በተግባር ያዩታል። ምፅዋ ላይ በሚከበረው የባሕር ኃይል ቀን ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በአድሚራል ማዕረጋቸው ይገኙ ነበር። የአሜሪካ፣ የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይ፣ የሶቭየትና የሌሎች አገሮች የጦር መርከቦች ለበዓሉ ይጋበዛሉ። የቀዝቃዛው ጦርነት ባላንጣዎች ምፅዋ ወደብ ላይ ጎን ለጎን ይቆማሉ። ከእነዚያ ሁሉ እንግዶች ፊት የአገሪቱን ስም ተሸክማ የምትቆመው ይህች መርከብ ነበረች። የንጉሡ የልጅ ልጅ ልዑል እስክንድር ደስታ የባሕር ኃይሉ ምክትል አዛዥ ነበሩ። በኅዳር 1967 ዓ.ም. ደርግ ከረሸናቸው ባለሥልጣናት መካከል እሳቸውም ይገኙበታል።

አብዮቱ ሲመጣ የመሣሪያው ምንጭ ተቀየረ። አሜሪካ በ1977 እ.ኤ.አ. የጦር መሣሪያ አቅርቦቷን አቆመች፤ ሶቭየት ኅብረት ተተካች። ኦሳ የሚባሉ ሚሳኤል ታጣቂ ጀልባዎች፣ ኋላም ሁለት የፔትያ ዓይነት ፍሪጌቶች መጡ። በተኩስ ኃይል አዲሶቹ ይበልጧታል። በመጠን ግን አሁንም ትልቋ «ኢትዮጵያ» ናት። አሜሪካ ሠራሽ ለሆነችው መርከብ መለዋወጫ ማግኘት በዚያ ዘመን ምን ያህል አስቸጋሪ እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። ያም ሆኖ እስከ መጨረሻው በባሕር ኃይሉ ዝርዝር ውስጥ ቆይታለች። ይህ የባሕርተኞቿንና የመካኒኮቿን ጥረት የሚያሳይ ይመስለኛል።

በየካቲት 1982 ዓ.ም. ምፅዋ በሻዕቢያ እጅ ወደቀች። ባሕር ኃይሉ ዋና መቀመጫውን አጣ። የቀሩት መርከቦች ከአሰብና ከዳህላክ ሠሩ። በግንቦት 1983 አሰብም ስትያዝ መርከቦቹ ቀይ ባሕርን ተሻግረው ሸሹ፤ አብዛኞቹ ወደ የመን ሄዱ። «ኢትዮጵያ»ም ከእነሱ ጋር ነበረች። በ1993 እ.ኤ.አ. እዚያው ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። በአሜሪካ ባንዲራ ሥር በንቃት የሠራችው አሥራ ሁለት ዓመት ያህል ብቻ ነው። በኢትዮጵያ ባንዲራ ሥር ግን ሃያ ዘጠኝ ዓመት ቆይታለች። ስለዚህ በውጭ መዝገቦች «የቀድሞዋ ኦርካ» ተብላ ስትጠራ ታሪኳ የተገለበጠ ይመስለኛል።

በዚያው በ1993 እ.ኤ.አ. የመን የኢትዮጵያ መርከቦችን እንዲወጡ አዘዘች። መንቀሳቀስ የቻሉት ወደ ጅቡቲ ሄዱ። በ1996 እ.ኤ.አ. ጅቡቲ ለወደብ ዕዳ ማካካሻ ሐራጅ አወጣቻቸውና የባሕር ኃይሉ የመጀመሪያ ዘመን በዚህ ተዘጋ።