መገጣጠሚያን በሰው ሠራሽ መተካት ምንድን ነው?

መገጣጠሚያ በአደጋ ክፉኛ ሲጎዳ የአጥንት ሐኪም በቅድሚያ የሚያስበው የተሰበረውን ገጥሞ በብሎንና በብረት ማሰርን ነው። አጥንቱ ደቅቆ ብሎን የሚይዝበት ቦታ ሲጠፋ ወይም ደም የሚደርስበት መንገድ ሲቋረጥ ግን የተጎዳውን ክፍል አውጥቶ ከብረት፣ ከሴራሚክና ከፕላስቲክ በተሠራ መገጣጠሚያ መተካት የተሻለ ይሆናል። ይህ ሕክምና አርትሮፕላስቲ ይባላል።

ነገሩ ከሁሉ ይበልጥ የሚገባው በዳሌ ላይ ሲታይ ነው። የጭን አጥንት ራስ እንደ ኳስ ክብ ሆኖ በዳሌ አጥንት ጉድጓድ ውስጥ ይሽከረከራል፤ ደም የሚያገኘው ግን በአብዛኛው አንገቱን ታክከው ወደ ላይ ከሚወጡ ቀጫጭን የደም ሥሮች ነው። አንገቱ ተሰብሮ ቦታውን ሲለቅ ሥሮቹ ስለሚበጠሱ፣ ስብራቱ በራጅ ላይ ደህና የገጠመ ቢመስልም እንኳ የአጥንቱ ራስ ከወራት በኋላ ሞቶ ሊደረመስ ይችላል። ሰው ሠራሹ መገጣጠሚያ የሚያገለግልበት ዕድሜ ውስን ስለሆነ በወጣቶች ላይ ይህን ስጋት ተቀብሎም ቢሆን የራሳቸውን አጥንት ለማዳን ይሞከራል። ለአረጋውያን ግን ለረጅም ጊዜ ተኝቶ መቆየት ከስብራቱ የባሰ አደጋ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ መተካቱ ይመረጣል።

በቀዶ ሕክምናው የተሰበረው ራስ ይወጣል፤ ጉድጓዱም የሚተካ ከሆነ ተፍቆ አዲስ ሽፋን ይገባበታል። የጭን አጥንቱ ውስጠኛ ቦይ ደግሞ በመዶሻ እየተመታ በሚገባ ሞረድ ይቀረጻል። ሞረዱ አጥንቱን ጥብቅ አድርጎ ሲይዝ የምቱ ድምፅ ስለሚለወጥ ልምድ ያለው ሐኪም በጆሮውም ጭምር ይሠራል። በቦዩ ውስጥ የሚገባው ብረት በሲሚንቶ የሚጣበቅበት ጊዜም አለ፤ ስሙ ያሳስታል እንጂ ይህ በደቂቃዎች ውስጥ እየሞቀ የሚጠጥር አክሪሊክ የተባለ የፕላስቲክ ዓይነት ነው።

የዘመናዊው የዳሌ መተካት ፈር ቀዳጅ የሆነው እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ቻርንሊ መጀመሪያ ለጉድጓዱ ሽፋን የመረጠው ቴፍሎን የተባለ ፕላስቲክ በጥቂት ዓመታት ውስጥ እየተበላ በዙሪያው ያለውን ሥጋ ጎዳ። እ.ኤ.አ. በ1962 ፖሊኢትሊን ወደተባለ ሌላ ፕላስቲክ ተሻገረ፤ ፍትጊያው እንዲቀንስም 22 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ትንሽ የብረት ራስ ተጠቀመ። ፖሊኢትሊንም ቢሆን ቀስ በቀስ ያልቃል፤ ብናኙ የሚቀሰቅሰው ብግነት በዙሪያው ያለውን አጥንት ይበላና ብረቱን ያላላዋል።

በአደጋ የተጎዳ መገጣጠሚያ በዕድሜ ካረጀው ይልቅ ያስቸግራል፤ ጅማቱና ጡንቻው አብረው ሊበጠሱ፣ ቁስሉም ሊበከል ይችላል። ባክቴሪያ ብረት ላይ ተጣብቆ ሽፋን ካበጀ መድኃኒት በቀላሉ አይደርስበትም፤ ስለዚህ ክፍት ቁስል ያለበት መገጣጠሚያ አስቀድሞ ደጋግሞ ይታጠባል፣ ይጠረጋል፣ ንጹሕ መሆኑ እስኪረጋገጥም መተካቱ ይዘገያል። ሁሉ በደህና ካለፈ ግን የዳሌ ታካሚ ብዙ ጊዜ በማግሥቱ ተደግፎ ይቆማል፤ ክብደቱን የሚሸከምለት ብረቱ ስለሆነ የአጥንት መጋጠምን አይጠብቅም።