«አሮጌውን ሙምፕሲሙስ በአዲሱ ሱምፕሲሙስ አልለውጥም»

ይህ አነጋገር የእንግሊዝ አገር ነው። ስሕተቱ በግልጽ ተነግሮት እንኳ ከለመደው ነገር ንቅንቅ የማይለውን ሰው ለመግለጽ ይነገራል።

ሱምፕሲሙስ በላቲን «ተቀበልን» ማለት ሲሆን፣ የሮም ቤተ ክርስቲያን ካህን ከቁርባን በኋላ «ጌታ ሆይ፣ በአፋችን የተቀበልነውን በንጹሕ ልቡና እንያዘው» እያለ በሚያደርሰው ጸሎት ውስጥ ይገኛል። ሙምፕሲሙስ ግን በላቲን ምንም ትርጉም የለውም፤ ከአንዲት ፊደል መሳሳት የተወለደ ቃል ነው። በእኛም ዘንድ «ሠረቀ ፀሐይ» የሚለው በእሳቱ «ሰ» ቢጻፍ ፀሐይ መውጣቷ ቀርቶ መስረቅ ይሆንባታል። ሆኖም በእኛው ምሳሌ ስሕተቱ የሚያደርሰው ወደ ሌላ ነባር ቃል ሲሆን፣ የላቲኑ ስሕተት የፈጠረው ከዚያ በፊት ያልነበረ ቃል ነው፤ ነገሩን የበለጠ የሚያስደንቀውም ይኸው ነው።

እንግሊዛዊው ሊቅ ሪቻርድ ፔስ እ.ኤ.አ. በ1517 ባሳተመው መጽሐፍ እንደተረከው፣ አንድ ካህን ጸሎቱን ለ30 ዓመታት በተሳሳተው ቃል ሲያደርስ ኖሮ፣ ሲታረም «አሮጌውን ሙምፕሲሙሴን በአዲሱ ሱምፕሲሙስህ አልለውጥም» ብሎ መለሰ። የሆላንዱ ሊቅ ኤራስመስም በ1516 በጻፈው ደብዳቤ ይህንኑ ታሪክ አንሥቶታል። ያነሣበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ በዚያው ዓመት የአዲስ ኪዳንን የግሪክ ንባብ ከራሱ የላቲን ትርጉም ጋር በስዊዘርላንድ ከተማ በባዝል አሳትሞ ነበርና፣ ለዘመናት የተለመደውን የላቲን ንባብ ለምን ነካህ የሚሉ ሊቃውንት ተነሥተውበት ነበር። የካህኑ ታሪክ ለእነርሱ የተሰጠ መልስ ነው።

አነጋገሩን ወደ ሸንጎ ያወጣው ንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ነው። በታኅሣሥ 24 ቀን 1545 እ.ኤ.አ. ለፓርላማው ባደረገው ንግግር፣ በሃይማኖት የሚነታረኩትን ካህናት፣ አንዳንዶቹ በአሮጌ ሙምፕሲሙሳቸው ደርቀዋል፣ ሌሎቹ ደግሞ በአዲስ ሱምፕሲሙሳቸው ከልክ በላይ ተጠምደዋል ሲል ሁለቱንም ወገን ወቀሰ። ምሳሌውን የሚያብራሩ ብዙዎች የካህኑን ግትርነት ብቻ አንሥተው ማለፋቸው ያሳዝናል፤ ንጉሡ ትክክለኛውን ቃል የያዘውም ሰው በእውቀቱ ሊታበይ እንደሚችል አይቷልና፣ በእኔ እምነት የአነጋገሩ ሙሉ ትርጉም የሚገኘው በእርሱ ንግግር ውስጥ ነው።

ዛሬ ሁለቱም ቃላት በእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ሰፍረዋል፤ ሙምፕሲሙስ በስሕተቱ የሚጸና ሰውንም፣ የሚጸናበትን ስሕተትም ይጠራል፤ ሱምፕሲሙስ ደግሞ የተለመደውን ስሕተት ሊተካ የመጣው ትክክለኛ አገላለጽ ስም ሆኗል።