ሎክአውት ታግአውት ምንድን ነው? ለሕንፃ ጥገና ክፍል

ሎክአውት ታግአውት ማለት አንድ ማሽን ወይም የኤሌክትሪክ መስመር ከመነካቱ በፊት ኃይል የሚያገኝበትን መንገድ ሁሉ ዘግቶ፣ በጓጉንቸር ቆልፎ፣ «ሰው እየሠራ ነው» የሚል ካርድ አንጠልጥሎ፣ ከዚያም ኃይል አለመኖሩን በመሣሪያ ለክቶ ማረጋገጥ ነው። ቁልፉ የሚቀመጠው በሚሠራው ሰው ኪስ ነው። ብሬከር ማጥፋት ብቻውን ሎክአውት አይባልም። የጠፋ ብሬከር ማንም ያነሳዋል፤ በተለይ ሦስተኛ ፎቅ ያለው ተከራይ «መብራታችን ጠፋ» ብሎ ጥበቃውን ወደ ቦርዱ ሲልከው።

በአሜሪካ የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤቱ ኦሻ ለማሽን ጥገና ይህን አሠራር በ1989 እ.ኤ.አ. ባወጣው ደንብ ግዴታ አድርጎታል፤ የደንቡ ቁጥር 1910.147 ነው። በእኛ አገር የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 አሠሪው ሠራተኛውን ከሥራው አደጋ የሚጠብቅ እርምጃ እንዲወስድ፣ ስለ አደጋውም እንዲያስተምረው ያስገድዳል። ለሕንፃ ጥገና ክፍል ይህን ግዴታ ወደ ተግባር የሚያወርድ ከዚህ የተሻለ መነሻ የለም። የራስ ቁርና ጓንት አደጋው ከደረሰ በኋላ ጉዳቱን ይቀንሳሉ፤ ሎክአውት ግን አደጋው እንዳይነሳ ያደርጋል።

አሠራሩ ሲጠቃለል እንዲህ ነው፦ ኃይሉ ከየት ከየት እንደሚመጣ መለየት፣ የሚመለከታቸውን ማሳወቅ፣ ማሽኑን በደንቡ ማቆም፣ ኃይሉን በማቋረጫው መቁረጥ፣ መቆለፍና ካርድ ማንጠልጠል፣ የተጠራቀመ ኃይል ማስወጣት፣ ለክቶ ማረጋገጥ። አብዛኛው ስህተት የሚሠራው በመጀመሪያውና በመጨረሻው ላይ ነው።

ከመጀመሪያው እንነሳ። «መብራት ስለሌለ አሁን እንሥራው» የሚባለው ነገር በአዲስ አበባ ሕንፃዎች የተለመደ ነው፤ እጅግ አደገኛም ነው። የጠፋ መብራት መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም። አውቶማቲክ ቼንጅ ኦቨር፣ ማለትም መብራት ሲጠፋ ሕንፃውን በራሱ ወደ ጀነሬተር የሚያዞር መሣሪያ፣ ባለበት ሕንፃ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ሠራተኛው ከቆጣሪው ቀጥሎ ያለውን ዋና ብሬከር ሲያወርድ ቼንጅ ኦቨሩ የሚያየው የመብራት መጥፋትን ነው። በሰከንዶች ውስጥ ጀነሬተሩን ያስነሳና 380 ቮልቱን በሌላ በር መልሶ ያስገባዋል። ስለዚህ የሚቆለፈው ብሬከር ከቼንጅ ኦቨሩ በታች፣ ማለትም ወደ ሥራው ቦታ የሚወስደው ብሬከር መሆን አለበት። ሥራው በራሱ በቼንጅ ኦቨሩ ላይ ከሆነ የሁለቱም ምንጮች ማቋረጫ ይቆለፋል።

የጀነሬተሩ ዘይት ወይም ቀበቶ በሚቀየርበት ጊዜም እንዲሁ ነው። መምረጫውን ከአውቶ ወደ ኦፍ ማዞር በቂ አይደለም፤ የሚያልፍ ሰው መልሶ ሊያዞረው ይችላል፣ በዚያው ቅጽበት መብራት ከጠፋ ማራገቢያው የሰው እጅ እያለበት ይነሳል። ትክክለኛው ቅደም ተከተል የአደጋ ጊዜ ማቆሚያውን መጫን፣ የባትሪ ቻርጀሩን ብሬከር አጥፍቶ መቆለፍ፣ ከባትሪው መጀመሪያ ኔጋቲቩን መፍታት፣ የጀነሬተሩን መውጫ ብሬከር መቆለፍ ነው። ብዙ ሰው የሚረሳው ቻርጀሩና ካለ የሞተር ውኃ ማሞቂያው የሚሠሩት በሕንፃው 220 ቮልት መሆኑን ነው። ጀነሬተሩ ቆሞም ውስጡ ኃይል ያለበት ሽቦ አለ።

ትንንሽ ሱቆች ባሉበት ሕንፃ ተከራዩ በራሱ ትንሽ ጀነሬተር ሁለቱም ጫፉ ወንድ ሶኬት በሆነ ገመድ መስመሩን ወደ ኋላ ሲሞላውም ይገኛል። ይህ ገመድ ከሕንፃው መከልከል አለበት፤ በዚህ ላይ ድርድር የለም።

ወደ መለካቱ። መብራት ያለው ካቻቢቴ ለዚህ አይሆንም። የሚበራው በሰውየው አካል በኩል ወደ መሬት በሚያልፍ ጥቂት ኃይል ስለሆነ፣ ደረቅ የእንጨት መሰላል ላይ ወይም ወፍራም የጎማ ጫማ ላይ የቆመ ሰው ኃይል ያለበትን ሽቦ ነክቶ ላይበራለት ይችላል። ባለ ሁለት እግር ቮልቴጅ ቴስተር ወይም መልቲሜትር ያስፈልጋል። አለካኩ ሦስት ደረጃ አለው፦ መሣሪያውን መጀመሪያ ኃይል እንዳለው በሚታወቅ ቦታ መሞከር፣ ከዚያ የሚሠራበትን መስመር መለካት፣ ከዚያ ወደሚታወቀው ቦታ ተመልሶ እንደገና መሞከር። የመጨረሻው ካልተደረገ «ዜሮ» ያለው መስመሩ ይሁን ባትሪው ያለቀው ሜትር አይታወቅም። በሦስት ፌዝ መስመር ልኬቱ 10 ነው፦ ፌዝ ከፌዝ 3፣ ፌዝ ከኒውትራል 3፣ ፌዝ ከኧርዝ 3፣ ኒውትራል ከኧርዝ 1። የመጨረሻዋ አንዷ ትታለፋለች፤ ግን ከሌላ ቦርድ የተዋሰ ኒውትራል የሚጋለጠው በእሷ ነው።

የተጠራቀመ ኃይልም ብሬከር አይሰማም። የፓምፕ ፍጥነት የሚቆጣጠር ድራይቭ ከጠፋ በኋላ ከ500 ቮልት በላይ ዲሲ ኃይል በሚያጠራቅመው ካፓሲተሩ ይዞ ይቆያል፤ የሚጠበቀው ደቂቃ ሽፋኑ ላይ ተጽፏል፣ ያን ያህል ጠብቆ መለካት ነው። ዩፒኤስ የተሠራው መብራት ሲጠፋ ኃይል እንዲሰጥ ስለሆነ መውጫው ለብቻው ይቆለፋል። ጣሪያ ላይ ያለ ሮቶ በየ10 ሜትሩ ቁመት ወደ 1 ባር ግፊት ይሰጣል፤ ቫልቩ ተዘግቶ፣ ተቆልፎ፣ ከታች ያለው ቧንቧ ተከፍቶ ካልፈሰሰ መገጣጠሚያው አይፈታም። በፍሎት፣ ማለትም ውኃ ላይ በሚንሳፈፍ ማብሪያ፣ የሚነሳ ፓምፕ ቆሞ ቢታይም ሥራ ላይ ነው፤ የውኃው ከፍታ ሲቀንስ ማንንም ሳያማክር ይነሳል።

የሚያስፈልገው ዕቃ ብዙ አይደለም። ለእያንዳንዱ የጥገና ሠራተኛ በስሙ የተመዘገበ፣ አንድ ቁልፍ ብቻ ያለው ጓጉንቸር፤ ብዙ ጓጉንቸር በአንድ ቦታ የሚያስይዝ ባለ 6 ቀዳዳ ማያያዣ ብረት፤ ለትንንሽ ብሬከሮች መቆንጠጫ፤ ለቫልቭ እጀታ ሽፋን፤ ስም፣ ስልክ፣ ቀንና ምክንያት የሚጻፍበት ካርድ። የብሬከር መቆንጠጫ ካልተገኘ ፊውዙን ነቅሎ ኪስ መክተት ወይም የመስመሩን ጫፍ ከብሬከሩ ፈትቶ መሸፈን ይቻላል። መለዋወጫ ቁልፉን «ለማንኛውም» ብሎ ስቶር ማስቀመጥ ግን ሥርዓቱን ከነጭራሹ ያፈርሰዋል።

ሦስት ሰው ከሠራ ሦስት ጓጉንቸር ይንጠለጠላል። የኃላፊው አንድ ጓጉንቸር ለሁሉም አይበቃም፤ እሱ ሥራው አለቀ ብሎ ሲያስብ አንዱ ገና ከሊፍቱ ጉድጓድ አልወጣ ይሆናል። ከውጭ የሚመጡት የሊፍትና የጀነሬተር ቴክኒሻኖችም የራሳቸውን ይቆልፋሉ። ፈረቃ ሲቀየር ተረካቢው መጀመሪያ የራሱን ጓጉንቸር ይቆልፋል፣ ቀጥሎ አስረካቢው የራሱን ያወጣል።

ባለቤቱ ጓጉንቸሩን ረስቶ ቤቱ ቢሄድስ? ተደውሎ ይጠራል። ካልተገኘ ኃላፊው ሰውየው በሕንፃው ውስጥ አለመኖሩን አረጋግጦ፣ የሥራውን ቦታ በዓይኑ አይቶ፣ በጽሑፍ መዝግቦ ያስቆርጠዋል፤ ሰውየው በማግስቱ ሥራ ሳይጀምር ይነገረዋል።

ሥራው ሲያልቅ መፍቻና ፒንሳ ይቆጠራል፣ ሽፋኖች ይመለሳሉ፣ ሰው ሁሉ ከቦታው ይርቃል፣ እያንዳንዱ የራሱን ይፈታል፣ ከዚያ ኃይል ይለቀቃል። ኃላፊው መርሐ ግብሩ መሥራቱን ማወቅ ከፈለገ ፋይል ከማገላበጥ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ሕንፃውን ይዙር። በዕለቱ የሥራ ትእዛዝ ላይ አምስት የኤሌክትሪክና የፓምፕ ሥራ ተጽፎ አንድም ጓጉንቸር ካልተንጠለጠለ፣ የሥልጠናው ፊርማ ምንም አይጠቅመውም።